ዓይኖቿን በማስመሪያ የለካው ሰው

ጋሽ ኡጁሉ ማረፉን የነገረኝ ኡመድ ነው። ኡመድ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ይጭናል፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲላክልኝ «ዘይነብ፣ ካርቶንሽ መጥቷል» ብሎ የሚደውልልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ያን ቀንም ስልኩን ያነሳሁት «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልኩ ነበር። ኡመድ ግን ካርቶን አላለኝም። «ጋሽ ኡጁሉ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሰው ስም ብቻ ጠርቶ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል።

ምሳውን በልቶ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ እንደተቀመጠ ነው የሄደው። ባለቤቱ እትዬ አርየት ሻይ ይዛለት ስትመጣ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት፣ ብርጭቆውን ከእግሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ዝንብ እንዳይገባበት በሳህን ሸፍናለት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ሻዩ ሊበርድ ነው ብዬ ልቀሰቅሰው ስሄድ ነው ያወቅኩት» አለችኝ በኋላ።

ሱቄን ዘጋሁ። ከገበያው ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ኮምፒውተርና ስልክ የምጠግንባት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት ትንሽ ሱቅ ናት። ቁልፉን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አቋቋሙ ጠማማ ነበር፤ የኋላ ጎማው ቦዩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ኡጁሉ ቢኖር ኖሮ ያ ባጃጅ እንደዚያ አይቆምም ነበር።

ዕድሜውን ሁሉ የሠራው አውሮፕላን ማቆም ነው። አብራሪ አልነበረም። አውሮፕላኑ አርፎ ከመንደርደሪያው ሲመለስ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ምልክት ይዞ፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ የሚለው ሰው እሱ ነበር። በጋምቤላ ፀሐይ፣ ያ አስፋልት እንደ ምጣድ ሲግል፣ ረጅምና ቀጭን አካሉን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ክንዶቹን ከአናቱ በላይ ያጣምራል። ቁም ማለት ነው። ጡረታ ሲወጣ ክንዶቹ ሥራ አጡ፤ ስለዚህ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ የሚመጣውን ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሁሉ ማቆም ጀመረ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁበት። በኋላ አንዳንዶቹ ጉዳይ ሳይኖራቸው ዞረው ይመጡ ነበር፣ እሱ እንዲያቆማቸው ብቻ። ነገር ሲሳካለትም ክንዱን ያጣምራል። የተበላሸ ስልክ ጠግኜ ሲበራ፣ ምሳዬ ሲመጣልኝ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ጎል ሲያገባ፣ ክንዱ ከአናቱ በላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ወግ አድርጌ «እርስዎ» እለው ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዞ፣ «ዘይነብ፣ እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዞር ብዬ እፈልገዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት። አማርኛን ሥራ ላይ ነው የተማረው፤ የቤቱ ቋንቋ አኙዋክኛ ነበር። ቃላቱን ሁሉ ያውቃል፣ ሴትና ወንድ ግን ይምታታበታል። እኔም፣ አባቴም፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሴትዮም፣ ሁላችንም ለእሱ «አንተ» ነን። «ዘይነብ፣ አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ» ሲለኝ ደንበኞች ይስቃሉ። እኔ ግን ከሰው ሁሉ እንደ እሱ ያመሰገነኝ ስለሌለ አላረምኩትም።

ሱቄ መጀመሪያ የመጣው በአንሶላ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በባጃጅ አስጭኖ ነው። ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት ነው።

«ዘይነብ፣ ይሄ ማሽን ይበራል?» አለኝ።

ሶኬት ሰካሁና አበራሁት። «ይኸው፣ ይበራል።»

«አይደለም፣ አይደለም» አለ ራሱን እየነቀነቀ። መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ አንሸራትቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሳው። «ይበራል ወይ ነው የምልህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አብራሪ የበረራ ሲሙሌተር የሚባል ጨዋታ እንዳለ፣ የአውሮፕላን መሪ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጥክ አድርጎ እንደሚያበርርህ ነግሮታል። የእኛ ኢንተርኔት ያን ያህል ዕቃ አይጎትትም፤ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ አስመጣሁለት። አንድ ጆይስቲክም አብሬ አዘዝኩለት፣ እንደ መሪ የሚያዝ ዘንግ ነው። ጨዋታውን ከፍተን የራሳችንን ማረፊያ ስንፈልግ አገኘነው። ጋሽ ኡጁሉ በስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«እዚህ ጋ ነው የምቆመው» አለ በጣቱ እየነካ። ከዚያ ተነስቶ በረረና ከተማው ላይ ሲደርስ ተቆጣ። «ባሮ የት ሄደ?»

የባሮ ወንዝ የደበዘዘ ቡናማ መስመር ነበር። ከተማው ዛፍ ብቻ ነው። ቢሆንም በየቀኑ ይበርር ነበር፤ መንገዱም አንድ ነው፣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ። ሌላ አገር ሞክር ስለው «እዚያ ማንን አውቃለሁ?» ይለኛል።

አንድ ቀን እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ስንት ጊዜ እንደወጣ ጠየቅኩት።

«አልወጣሁም።»

«እንዴ! ለሠራተኛ ትኬት አይሰጥም ነበር?»

«ይሰጣል» አለ ዘንጉን ሳይለቅ። «አርየት አትሄድም። እኔ ልሂድ ስል ደግሞ ትታመማለች። ብቻዬን የት እሄዳለሁ?»

ሴትዮዋ ባሏን የምትሰስት መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመነጽሩ ጉዳይ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ደብተር ይዞ መጣ። የሒሳብ ደብተር፣ ባለ ካሬ።

«ጭንቅላት ላይ የሚታሰረውን ታውቃለህ? ቪአር የሚባለውን መነጽር? ስታደርገው አውሮፕላኑ ውስጥ የምትገባው።»

አውቀዋለሁ፣ ሸጬ ግን አላውቅም። ጋምቤላ ውስጥ ያዘዘኝ ሰው የለም። ስክሪን ስታይ ከውጭ ሆነህ ነው የምታየው፤ ያንን ስታደርግ ግን ራስህን ዞር ስታደርግ መስኮቱ አለ፣ ጎንበስ ስትል ወለሉ አለ። ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ይያያዛል፣ ኮምፒውተሩም ጠንካራ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሁለት ስክሪን ነው፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ።

አዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣልኝን ሰው ጠየቅኩና ሁለት ዓይነት አገኘሁ። አንደኛው ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ መሪ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ሳይቀር ያስነብባል፣ ግን ከባድ ነው፣ ራስህ ወዴት እንደዞረ የሚከታተሉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሁለት ሳጥኖችም ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የራሱ ካሜራዎች ስላሉት ሳጥን አያስፈልገውም፣ ምስሉ ግን ትንሽ የሻከረ ነው፤ ቁጥሮቹን ለማንበብ አንገትህን ማስገግ አለብህ። ለሲሙሌተር የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ነው የሚመርጠው። ጋሽ ኡጁሉም ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

ግን አልገዛም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመጣ ጠየቀኝ። «አየር ላይ መቆሚያ የለም፣ መሬት ላይ ጨርስ» የሚላት አነጋገር ነበረችው፤ ጥያቄ ሲያበዛብኝ እንዳልሰለች የሚያባብለኝ በእሷ ነው። ጥያቄዎቹ ግን እንግዳ ነበሩ። ስንት ግራም ነው? ክብደቱ ግንባር ላይ ነው ወይስ አንገት ላይ? ማሰሪያው ሹሩባ ላይ ይቀመጣል?

«ጋሽ ኡጁሉ፣ አንተ ፀጉር የለህም እኮ!»

ራሱን ዳበሰና ሳቀ። በሌላ ቀን ደግሞ «መብራት ሲጠፋ ውስጡ ያለ ሰው ምን ያያል?» አለኝ።

«ምንም። ጨለማ ነው።»

«ይሄ ጥሩ አይደለም» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ። በዚያው ቀን መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ አዘዘ።

በመጨረሻ ዓይኑን መለካት ነበረብኝ። መነጽሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሌንሶች ከሰውየው ዓይን ጋር ካልገጠሙ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስ ያሳምማል። ወንበር ላይ አስቀምጬ ማስመሪያ ግንባሩ ላይ አድርጌ ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው ለካሁ። ስልሳ ስምንት ሚሊ ሜትር። ማስመሪያውን ለመነኝ፣ ሰጠሁት።

በማግስቱ ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። «ለዚህ ልክ የሚሆነው የትኛው ነው?»

ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሽ ኡጁሉ፣ ትናንት ስልሳ ስምንት ነበርክ። ዓይን በአንድ ቀን ይቀራረባል እንዴ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። «የአርየት ነው» አለ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገረኝ። እትዬ አርየት አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት፤ እሱን እኔም አውቃለሁ፣ ገበያ ላይ ዓሣ ስትሸጥ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። የማላውቀው ወደ ውስጥ ማደጉን ነው። የአየር መተንፈሻዋን ተጭኖታል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን እንድትደረግ፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ቀን በመኪና እንዳትንገላታ፣ በአውሮፕላን እንድትሄድ፣ ደግሞም እንዳትቆይ ነግሯታል። ይህን ካለ ስምንት ወር ሆኖታል። እሷም ስምንት ወር «እዚሁ ልሙት» እያለች ነው።

«ልጅ ሆና ድንበር ማዶ ዘመዶች ጋ ነበረች» አለኝ። «ጦርነት ነበር። አውሮፕላን መጣና ቦምብ ጣለ። ታናሽ ወንድሙ እዚያ ቀረ።»

ወንድሟ ማለቱ ነው። አላረምኩትም።

«እኔ ማረፊያው ውስጥ ስሠራ ምሳ ታመጣልኛለች። አጥሩ ጋ ስትደርስ አስቀምጣ ትሄዳለች። ድምፅ ከሰማች ትሮጣለች። ይሄን ሁሉ ዓመት።» ከዚያ ደብተሩን ከፈተና ጣቱን ጥያቄዎቹ ላይ አሳለፈ። «ቤት ተቀምጣ ብትለምደውስ? እኔ አጠገቧ ሆኜ። ሲፈራ ሊያወልቀው ይችላል። እውነተኛውን ማውለቅ አይችልም።»

የጠራው መነጽር ሌንሱ ከስልሳ ሦስት በታች አይጠብም። ቀላሉ ግን ሌንሶቹን የሚያቀራርብ የሚዞር ቁልፍ አለው፣ እስከ ሃምሳ ስምንት ይወርዳል። አንገትም አይጎትትም።

«ቁጥሮቹን ግን በደንብ አታነብበትም» አልኩት።

«አርየት ቁጥር ምን ያደርግለታል?» አለና ክንዶቹን ከአናቱ በላይ አጣመረ። ሦስት ሳምንት የፈጀው ምርጫ አለቀ።

የመጀመሪያ ቀን እኔም ቤታቸው ነበርኩ። እትዬ አርየት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሩን ልክ እባብ እንደሚነካ ሰው በአንድ ጣት ነካችው። ስናደርግላት ግማሽ ደቂቃ ቆየችና አወለቀችው። በሁለተኛው ቀን አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ብቻ ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ግቢ ወጥታ አስመለሳት። ያ የእኔ ጥፋት ነው። ምስሉ እንዲያምርላት ብዬ ጥራቱን መጨረሻ አድርሼው ነበር፤ ኮምፒውተሩ አልቻለውም። ራሷን ስታዞር ምስሉ ዘግይቶ ይከተላት ነበር፣ እንደዚያ ሲሆን የማንም ሆድ ይገለባበጣል። ጥላውን፣ ደመናውን፣ የሣሩን ዝርዝር ሁሉ ቀነስኩ። ምስሉ አስቀያሚ ሆነ፣ ግን ከራሷ ጋር እኩል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አላስመለሳትም።

ጋሽ ኡጁሉ ደግሞ አልቸኮለም። ሳምንት ሙሉ አውሮፕላኑን ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ አቁሞ፣ በግራ እጁ እጇን ይዞ፣ ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ ክንፉን በአኙዋክኛ ያስረዳት ነበር። ቀጥሎ ሞተር፣ ያለ ድምፅ። ቀጥሎ በመሬት ላይ መሄድ።

ጥፋት ሁለተኛ ጊዜም የመጣው በእኔ በኩል ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ድምፅ አለው፣ ድምፁንም ትልመደው ብዬ ከሱቅ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ኡጁሉ አመነታ፤ እኔ ገፋሁት። ሞተሩ ሲጮህ የቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። እትዬ አርየት አልጮኸችም። ከወንበሩ ወርዳ፣ መነጽሩን እንዳደረገች በደረቷ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ሁለት እጆቿን ማጅራቷ ላይ አደረገች። ገመዱ ተስቦ ኮምፒውተሩ ወደቀ። ማጉያውን ነቅዬ ላነሳት ስሮጥ ጋሽ ኡጁሉ በእጁ ከለከለኝ። አላነሳትም። እሱም አጠገቧ በደረቱ ተኛ፣ ክንዱን ጀርባዋ ላይ አደረገ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱን አየሁ። ከዚያ ጫማዬን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ መነጽሩን በካርቶኑ አድርጎ አመጣው።

«ሽጠው» አለኝ።

«ጋሽ ኡጁሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔ ነው። አውሮፕላን ና ስትለው ይመጣል። ሰው እንደዚያ አይደለም።» ደጃፉ ላይ አልተቀመጠም። ያን ቀን ባጃጆቹ ሁሉ ጠማማ ቆመው ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አርየት መጣች። ሱቄን ረግጣ አታውቅም። የዓሣ ሳህኗን ደጅ አስቀምጣ፣ ሻርፗን አስተካክላ ገባችና ቆመች። አማርኛዋ ከእሱ ይሻላል፤ ገበያ አስተምሯታል።

«ኡጁሉ መነጽሩን መለሰው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም።» እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ለዚያ አልመጣችም።

«ያን ቀን መሬት ላይ ተኝቼ ጠበቅኩ» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ እንደዚያ ተኝተን ስንጠብቅ ይወድቅ ነበር። አሁን ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ምንም አልወደቀም። አጠገቤ የወደቀው ኡጁሉ ብቻ ነው።» ልትስቅ ስትል ትንፋሿ አጠራት፤ እንቅርቱ እንደዚያ ያደርጋት ነበር። ደረቷን ይዛ ቆየችና እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ። ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ራሴ ነው የምወስደው።»

ካርቶኑን የዓሣ ሳህኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሳህኑን ራሷ ላይ አድርጋ ሄደች።

የወደቀውን ኮምፒውተር ሄጄ አስተካከልኩላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ ሆነ። ድምፁን ከፍ የምታደርገው እሷ ራሷ ነበረች፤ በየቀኑ አንድ ነጥብ። አንድ ቀን ተነስተው ከተማው ላይ ሲደርሱ ወደ ታች አይታ ደነገጠች።

«ኡጁሉ! ቤታችንን ማን አፈረሰው?»

ጨዋታው ውስጥ ዛፍ እንጂ ቤት እንደሌለ ሊያስረዳት ቢሞክር አልሰማ አለችው። እኔ እስክመጣ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ «ሰዎቹ ገና አልሠሩትም» ብሎ አባበላት። ሁልጊዜ ስትነሳ «ዛሬስ ሠሩት?» ትለው ነበር።

አዲስ አበባ የሄዱበት ቀን ማረፊያው ድረስ ሸኘኋቸው። ከአጥሩ ሲያልፉ እትዬ አርየት እጁን ጨብጣለች፣ ጣቶቿ ነጥተዋል፣ ግን አልቆመችም። እነ ኡመድ ሻንጣ ጭነት አቁመው መንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር፤ ማንም እንዲሰለፉ አላዘዛቸውም። እኔ ያየሁት እስከዚያ ነው፤ የቀረውን የነገሩኝ ሁለቱ፣ ወሬውን እየተሻሙ ነው። ቤት ሲለማመዱ ሁልጊዜ ከተነሱ በኋላ ወደ ግራ ይታጠፉ ነበር። ያን ቀን ነፋሱ በሌላ በኩል ስለነበር አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ታጠፈ። እትዬ አርየት ቀበቶዋን እንዳሰረች ክንዱን ያዘችና ተሳፋሪ ሁሉ እስኪሰማ «ኡጁሉ፣ መንገድ ተሳስቷል! ንገረው!» አለችው። ሰው ሳቀ። አስተናጋጇ መጥታ «አይፍሩ» ስትላት፣ «አልፈራሁም፣ ግን ግራ ነው» አለቻት።

ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ዳነች። ትንፋሿ ተመለሰ። ድምፅዋ ግን ሰለለ፤ ሐኪሞቹ ሊመለስ ይችላል ቢሏትም አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምትመራ ሴት ነበረች፤ አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በዚህ እንዳዘነች አውቃለሁ። ጋሽ ኡጁሉ ግን ሰው ፊት «አሁን ስትቆጣኝ ጎረቤት አይሰማም» እያለ ያስቃት ነበር።

የተመለሱ ሰሞን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ፣ «ታዲያስ፣ ባሮን ከላይ አየኸው?» አልኩት።

«አላየሁም።»

«እንዴት?»

«ስንነሳ የአርየትን ፊት ነው የማየው። እንዳይፈራ። ስንመለስ ደግሞ ደመና ነው፣ ሁሉም ነጭ።» ይህን ሲለኝ ቅሬታ ፊቱ ላይ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። «ሐኪሙ አርየትን በየዓመቱ ና ብሎታል። በሚቀጥለው አየዋለሁ» አለ። ከዚያ አንድ ሞተር ሳይክል መጣ፣ ሊያቆመው ተነሳ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይደርስ ነው የማንጎው ዛፍ ሥር የቀረው።

ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። መዝሙሩን አላውቀውም፣ ግን እትዬ አርየት አጠገብ ስለነበርኩ ያች የሰለለች ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ ሰማሁ። ዘመረች። ከእኔ ሌላ የሰማት ያለ አይመስለኝም።

ቀጠሮዋ የደረሰው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ፑኝዶ የምታስተምረው ልጇ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ ልሂድ አለቻት። የጋሽ ኡጁሉ ወንድሞች አንድ ሰው እንመድብ አሉ። እኔም ሱቁን ዘግቼ እወስድሻለሁ አልኳት። እትዬ አርየት ሁላችንንም አዳመጠችና ትኬቱን አንድ ብቻ አስቆረጠች።

ያን ጠዋት እስከ በሩ ተከተልኳት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ፣ ያን አስፋልት ብቻዋን ተሻግራ ደረጃውን ወጣች። አልዞረችም። እኔ ሱቄ ተመልሼ አንድም ሥራ አልሠራሁም፤ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እያየሁት ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ የሚደርስበት ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ጨመርኩለት፣ እሱም አለፈ። ልደውል ሳነሳው ጠራ።

«ደረስሽ?» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

«ደርሻለሁ።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፣ ከኋላዋም የሰው ጫጫታ አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ፈራሽ?»

«መጀመሪያ ላይ፣ ትንሽ።» ከጫጫታው ራቅ አለች። «ዘይነብ፣ ሰማዩ ንጹሕ ነበር፣ ደመና የለም። መስኮት ጋ አስቀመጡኝ» አለችኝ። «ባሮን፣ ድልድዩን፣ ቤታችንን፣ ማንጎውን፣ ሁሉንም አየሁለት።»